«የአባቱን ጭንቅላት ነው የወረሰው» ስንል ልክ ነን?

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ ቤት ልጁ ከፍተኛ ነጥብ አምጥቷል። አክስቶች ይሰበሰባሉ፣ ቡና ይፈላል፣ «ምን ይገርማል፣ የአባቱን ጭንቅላት ነው የወረሰው» ይባላል። (እናትየውም ጭንቅላት እንዳላት የሚያስታውስ የለም፤ እሱ ሌላ ርዕስ ነው።) ሁለተኛው ወሬ ታክሲ ውስጥና ፌስቡክ ላይ ነው። «ይሄ ትውልድ ደንዝዟል» ይባላል። ማስረጃም አይጠፋም። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ።

የመጀመሪያው ወሬ ጭንቅላት ከዘር ጋር ተሰጥቶ ያለቀ ነገር ነው ይላል። ሁለተኛው በጥቂት ዓመት ሊበላሽ የሚችል ነገር ነው ይላል። ሁለቱንም አንድ ሰው በአንድ ቀን ሲናገራቸው ሰምቼ አውቃለሁ።

ሳይንሱስ? ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መልስ «ግማሽ በግማሽ» ነው፤ ግማሹ ከዘር፣ ግማሹ ከአኗኗር። ይሄ መልስ ስህተት አይደለም። ችግሩ ብዙዎቻችን ስንሰማው የምንረዳው ሌላ ነገር መሆኑ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች «ዓ.ም.» ካልተባሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ «ጭንቅላት» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ቋንቋችን ለዚህ ብዙ ቃል አለው። ጎበዝ፣ ብልህ፣ አስተዋይ፣ ብልጥ፣ ቀለሜ። አንድ ዓይነት ሰዎች አይደሉም። ብልጡ ፈተና ላይ ሊወድቅ ይችላል። ቀለሜው ገበያ ወጥቶ የበሰበሰ ቲማቲም ታቅፎ ሊመለስ ይችላል። ተመራማሪዎች የሚለኩት ከዚህ ሁሉ አንዱን ክፍል ነው። አዲስ ችግር ሲቀርብ ማገናዘብ፣ የቃላትን ዝምድና መረዳት፣ ቁጥርና ቅርጽ ውስጥ ያለውን ሥርዓት ማየት፣ የሰሙትን በአእምሮ ይዞ መሥራት። የዚህ ፈተና ውጤት አይኪው ይባላል።

ፈተናውን የጀመረው አልፍሬድ ቢኔ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ ከባልደረባው ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905። ዓላማው በትምህርት ወደ ኋላ የሚቀሩ ልጆችን ለይቶ እገዛ እንዲሰጣቸው ማድረግ ነበር። የልጅ የማሰብ ችሎታ ተቆርጦ የተሰጠ፣ የማይጨምር ነገር ነው የሚሉትን ቢኔ አጥብቆ ይቃወም ነበር። ፈተናውን ሰውን በደረጃ ለመደርደር ያዋሉት ከእሱ በኋላ የመጡ ናቸው።

ዛሬ አይኪው አማካዩ 100 እንዲሆን ተደርጎ ይሰላል። ከሦስት ሰው ሁለቱ ያህል በ85 እና በ115 መካከል ይወድቃሉ። ቁጥሩ ከትምህርት ውጤት ጋር በደንብ አብሮ ይሄዳል። ደግነትን፣ ቅኔ መዝረፍን፣ የነጋዴ ዓይንን ግን አይለካም።

ዘረመል ምንድን ነው? «የብልህነት ጂን»ስ አለ?

ዘረመል፣ ወይም ጂን፣ በእያንዳንዱ ህዋሳችን ውስጥ የተጻፈ የአሠራር መመሪያ ነው። ሰውነታችን ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ የሚናገሩ 20,000 ገደማ ዘረመሎች አሉን። ከእያንዳንዱ ሁለት ቅጂ ይኖረናል፤ አንዱ ከእናት፣ አንዱ ከአባት። ታዲያ የአንድ ቤት ልጆች ለምን አይመሳሰሉም? ካርታ ጨዋታ አስቡ። ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ ካርታውን እንደ አዲስ በውዞ ግማሹን ያድላል። ታላቅየው የደረሰው እጅ ለታናሽየው አይደገምም። «የጎበዝ ልጅ ጎበዝ ነው» የሚለው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚወረሰው ካርታ እንጂ ጨዋታው አይደለም።

ብቻውን ሰውን ብልህ የሚያደርግ አንድ ጂን ግን የለም። በ2022 የወጣ ግዙፍ ጥናት የ3 ሚሊዮን ሰዎችን ዲኤንኤ አነጻጽሮ ነበር። ሰዎች ስንት ዓመት ተማሩ ከሚለው ጋር ዝምድና ያላቸው ወደ 4,000 የሚጠጉ ቦታዎች ተገኙ። እያንዳንዱ ድርሻው የጤፍ ፍሬ ታህል ነው። ሁሉም ተደምረው የሚገልጹት በሰዎች መካከል ካለው የትምህርት ልዩነት ከ12 እስከ 16 በመቶውን ነው። ያውም የተጠኑት የአውሮፓ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ስሌቱ አፍሪካውያን ላይ ሲሞከር በጣም ይዳከማል። ስለዚህ «የልጅዎን ዲኤንኤ መርምረን ሐኪም ይሆን እንደሆነ እንነግርዎታለን» የሚል ሰው ከመጣ ብራችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አቆዩት።

ታዲያ ዘር ድርሻ እንዳለው በምን ታወቀ?

በመንታዎች። መንታ ሁለት ዓይነት ነው። ከአንድ እንቁላል የተከፈሉት ዘረመላቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል። ከሁለት እንቁላል የተገኙት ግን እንደማንኛውም እህትና ወንድም ናቸው፤ ግማሽ ያህሉን ይጋራሉ። ሁለቱም ዓይነት መንታ ግን አንድ ቤት ያድጋል፣ አንድ ሽሮ ይበላል፣ ለአንድ መምህር ይላካል። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ከሁለተኛዎቹ ይልቅ በፈተና ውጤት የሚቀራረቡ ከሆነ ጣት የሚጠቆመው ወደ ዘረመል ነው። በብዙ አገር ተሞክሯል። ይቀራረባሉ።

ከዚህም የጠነከረ ሙከራ አለ። በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ቡሻርድና ባልደረቦቹ ከ1979 ጀምሮ በሕፃንነታቸው ተለያይተው በተለያየ ቤት ያደጉ መንታዎችን ፈለጉ። ከ100 ጥንድ በላይ አገኙ። በ1990 ባወጡት ሪፖርት በእነዚህ ሰዎች መካከል ካለው የአይኪው ልዩነት 70 በመቶ ያህሉ ከዘረመል ጋር የተያያዘ ነው አሉ። የሌሎች ጥናቶች ቁጥር ዝቅ ይላል። በጥቅሉ ሲወሰድ 50 በመቶ አካባቢ ነው። ያ «ግማሽ በግማሽ» የመጣው ከዚህ ነው።

«ሃምሳ በመቶው ዘር ነው» ሲባል ግን ምን ማለት ነው?

ቡና ልጥራችሁ።

አንድ ስኒ ቡና ጠጣችሁ። ጣዕሙ ስንት እጁ ከፍሬው፣ ስንት እጁ ከቆላው እጅ የመጣ ነው? ጥያቄው መልስ የለውም። ፍሬ ከሌለ ቡና የለም። እሳትና እጅ ከሌለም ቡና የለም። ግማሹ ስኒ የፍሬው፣ ግማሹ የእሳቱ ነው ብሎ መክፈል አይቻልም።

አሁን አሥር ስኒ እናቅርብ። አንዲት ባለሙያ እናት የይርጋ ጨፌውን፣ የሐረሩን፣ የጅማውን፣ ብቻ አሥር ዓይነት ፍሬ አመጣች። ሁሉንም በአንድ ምጣድ ቆላች፣ በአንድ ዓይነት እሳት አፈላች። በስኒዎቹ መካከል ያለው የጣዕም ልዩነት ከምን መጣ? ከፍሬው። መቶ በመቶ።

ገልብጡት። ከአንድ ጆንያ የተዘገነ ፍሬ ለአሥር ሰው ታደለ። አንዷ ቡና በመቁላት አገር ያወቃት ናት። አንዱ ላጤ ነው፤ ስልኩን ሲነካካ አሳረረው። አንዷ ጥሬውን አወጣችው። አሁን የጣዕሙ ልዩነት በሙሉ የመጣው ከእጅ ነው። የፍሬው ድርሻ ዜሮ። ልብ በሉ፣ ፍሬው ቡና ለመሆን ያለው አስፈላጊነት አልቀነሰም። የተቀየረው ከስኒ ስኒ የሚለያየው ነገር ነው።

ተመራማሪዎች የሚሰጡት ያ መቶኛ ይህንን ነው የሚለካው። «የውርስ ድርሻ» ልንለው እንችላለን። በአንድ ሕዝብ ውስጥ፣ በአንድ ወቅት፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት ስንት እጁ ከዘረመል ልዩነት ጋር አብሮ ይሄዳል? «ከጭንቅላትህ ግማሹ የአባትህ ነው» ማለት አይደለም። ስለ አንድ ሰው ምንም አይናገርም። የሚናገረው ስለ ስኒዎቹ ልዩነት ነው።

ስለዚህም ቁጥሩ እንደ አገሩና እንደ ኑሮው ይለዋወጣል። ለሁሉም ልጅ እኩል ምግብና እኩል ትምህርት የምታቀርብ አገር ብትኖር የውርስ ድርሻው ዝቅ አይልም፤ ከፍ ይላል። ግራ ያጋባል፣ ግን የዚያች እናት አንድ ምጣድ ነው። በ2003 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ኑሯቸው የተደላደለ ቤተሰቦች ውስጥ የውርስ ድርሻው 70 በመቶ አካባቢ መሆኑን አገኘ። ድሃ ቤተሰቦች ውስጥ ግን ወደ ዜሮ የተጠጋ ነበር። በአውሮፓ የተደረጉ ተመሳሳይ ጥናቶች ይህን ልዩነት ሁልጊዜ አላገኙትም። አንዱ ግምት እዚያ የድሃው ልጅም ሐኪምና ደህና ትምህርት ቤት ስለሚያገኝ ነው የሚል ነው።

ከዘር የመጣ ነገር አይለወጥም ማለት ነው?

አይደለም። ቁመትን ውሰዱ። በበለጸጉ አገሮች የቁመት የውርስ ድርሻ 80 በመቶ ገደማ ነው፤ ከአይኪው ይበልጣል። ሆኖም በ1996 የተወለዱ የደቡብ ኮሪያ ሴቶች በ1896 ከተወለዱት በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። በመቶ ዓመት የኮሪያውያን ዘር አልተቀየረም። ሳህናቸው ነው የተቀየረው።

የባሰም ምሳሌ አለ። ፒኬዩ የሚባል በሽታ ሙሉ በሙሉ የዘር ነው። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ ቅጂ የደረሰው ሕፃን ፊኒላላኒን የሚባለውን የፕሮቲን ክፍል ሰውነቱ መፍጨት አይችልም። ይጠራቀምና አእምሮን ያበላሻል። መቶ በመቶ ዘር ሆኖ መድኃኒቱ ምግብ ነው። በብዙ አገሮች ከ1960ዎቹ ጀምሮ አዲስ የተወለደ ሕፃን ተረከዙን ተወግቶ ደሙ ይመረመራል። በሽታው ከተገኘበት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ልዩ ምግብ ይሰጠዋል። አእምሮው በደህና ያድጋል።

ዕድሜ ሲጨምር ዘር ይደክማል ወይስ ይበረታል?

ብዙ ሰው ይደክማል ብሎ ይገምታል። ሕፃን ሳለን የተፈጥሮ ነን፣ ስናድግ ሕይወት ይቀርጸናል ይላል። የተገኘው ተቃራኒው ነው። የአይኪው የውርስ ድርሻ በሕፃንነት 20 በመቶ ገደማ ነው። በልጅነት ወደ 40፣ በጎልማሳነት ወደ 60 በመቶ ይወጣል።

«ዘር ከልጓም ይስባል» የሚሉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል። ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ትንሽ ልጅ ምን እንደሚያነብ፣ ከማን ጋር እንደሚውል ሌላ ሰው ይወስንለታል። ሲያድግ ራሱ ይመርጣል። በተፈጥሮው ማንበብ ትንሽ የሚቀናው ልጅ መጽሐፍ ይጠይቃል። አጎቱ ይህን አይቶ ይገዛለታል። መምህሯ «ጎበዝ» ትለዋለች፣ የፊት ወንበር ይሰጠዋል፣ ጓደኞቹም አንባቢ ይሆናሉ። ትንሿ ዝንባሌ ትልቅ አካባቢ ሰበሰበች። ቡናው ሄዶ የራሱን ምጣድ መረጠ እንደማለት ነው። ይህ ሁሉ በመንታ ጥናት ስሌት ውስጥ ሲገባ «ዘር» ተብሎ ይመዘገባል። መጽሐፉን የገዛው አጎት ግን ዘረመል አይደለም። ምርጫ ለሌለው ልጅ ደግሞ፣ መጽሐፍ ቢጠይቅም ለማያገኝ፣ ይህ መንገድ ዝግ ነው።

እና ትውልዱ ደንዝዟል?

ዘር በአንድ ትውልድ አይበላሽም፣ አይሻሻልምም። ጄምስ ፍሊን የተባለ ተመራማሪ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የብዙ አገሮች የአይኪው ውጤት በየአሥር ዓመቱ ወደ 3 ነጥብ እየጨመረ መምጣቱን አሳይቷል። የዛሬ ሰው የአያቱን ፈተና ቢፈተን በቀላሉ ይበልጠዋል። ሰበቡ ብዙ ነው። ትምህርት ተስፋፋ፣ በሽታ ቀነሰ፣ ምግብ ተሻሻለ፣ ኑሮውም በምልክትና በረቂቅ ሐሳብ መጫወትን የሚጠይቅ ሆነ። በኖርዌይ ደግሞ ከ1970ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተወለዱት ላይ ውጤቱ ቁልቁል መሄድ ጀመረ። ተመራማሪዎቹ የአንድ ቤት ወንድማማቾችን ሲያወዳድሩም መውረዱ ታየ። ወላጆቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው።

ወደ እኛ ፈተና ስንመለስ፣ በ2014 ዓ.ም. የተለወጠው የተማሪው አእምሮ ሳይሆን ሚዛኑ ነው። ኩረጃን ለማስቀረት ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተወስደው እንዲፈተኑ ተደረገ። ሚዛን ሲስተካከል የዕቃ ክብደት ያነሰ ይመስላል።

አኗኗር ወደ ጭንቅላት የሚገባው በየት በኩል ነው?

በጨው ልጀምር። ትንሽ የሚመስል ነገር ነው፣ ግን ከዚህ ሁሉ ርዕስ እኔን በጣም የሚገርመኝ እሱ ነው።

አንገታችን ላይ ያለው ዕጢ ሆርሞን ለመሥራት አዮዲን ይፈልጋል። በማኅፀን ያለ ልጅ አእምሮ የሚገነባው በዚህ ሆርሞን እርዳታ ነው። አዮዲን ሲያንስ ከውጭ የምናየው እንቅርት ነው። የማናየው የልጁ አእምሮ ላይ የሚደርሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የአዮዲን እጥረትን ልንከላከለው የምንችል ዋነኛው የአእምሮ ጉዳት መንስኤ ይለዋል። ጥናቶችን ያጠቃለሉ ግምቶች እጥረቱ የበረታባቸው አካባቢዎች አማካይ ውጤት ከ12 እስከ 13 የአይኪው ነጥብ ያህል ዝቅ እንደሚል ያሳያሉ። የደጋ መሬት አዮዲኑ በዝናብ ስለሚታጠብ እህሉም አትክልቱም ይጎድለዋል።

ከ1998ቱ ጦርነት በፊት ኢትዮጵያ ብዙውን ጨው የምታገኘው ከኤርትራ ነበር። ጦርነቱ ያን መንገድ ዘጋው። ገበያውን የያዘው የአፋሩ የአፍዴራ ጨው ያን ጊዜ አዮዲን አይጨመርበትም ነበር። በ2011 አዮዲን መጨመርን ግዴታ የሚያደርግ ደንብ ወጣ። በዚያው ዓመት በተደረገው የአገር አቀፍ ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው በ15 በመቶ ቤቶች ብቻ ነበር። በ2016 ጥናት 89 በመቶ ደረሰ። የአዮዲኑ መጠን በቂ ነው ወይ የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ቤት ውስጥም ሙቀትና ብርሃን ያጠፋዋል፤ ጨው ተከድኖ የሚቀመጠውና ወጡ ሊወጣ ሲል የሚጨመረው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቡናው ተመለሱ። ሁሉም ሰው አዮዲን የጎደለበት አንድ መንደር አለ እንበል። እዚያ የመንታ ጥናት ቢሠራ ምን ያገኛል? ጉድለቱ የሁሉም ስለሆነ በሰዎች መካከል ልዩነት አያመጣም። ጥናቱ «አብዛኛው ልዩነት የዘር ነው» ብሎ ይደመድማል። ሒሳቡ ትክክል ነው። መንደሩ በሙሉ ግን ወደ አሥር ነጥብ ተቀምቷል፣ ቁጥሩም አላየውም።

ከጨው ቀጥሎ ምግብ ነው። መቀንጨር የሚባለው፣ ልጅ ለዕድሜው ሲያጥር፣ ከቁመት ያለፈ ነገር ነው። ከፅንስ እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ፣ በመጀመሪያዎቹ 1,000 ቀናት፣ አእምሮ በፍጥነት ይገነባል። ያኔ የጎደለ ፕሮቲንና ብረት በኋላ ቢካስም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች የቀነጨሩት በ2000 58 በመቶ ነበሩ። በ2019 37 በመቶ። በ2015 የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተገባው ይህን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ልጆች ላይ በ2030 ለማስቀረት ነው።

መጠጥም አለ። ነፍሰ ጡር የምትጠጣው አልኮል ወደ ፅንሱ ይሻገራል፣ አእምሮውንም ይጎዳል። ምንም አይጎዳም የተባለ መጠን የለም። ጠላም አልኮል ነው። «ቀጭን ናት፣ ምንም አትል» የምትባለዋም።

እርሳስ፣ ማለት ብረቱ፣ በአሮጌ ቀለምና በባትሪ ቅጥቀጣ በኩል ሕፃናት ሰውነት ውስጥ ሲገባ የማሰብ ችሎታን ይቀንሳል። ቤንዚን ውስጥም ለአሥርት ዓመታት ሲጨመር ኖሯል። ለመኪና መሸጡን በዓለም ላይ መጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፣ በ2021።

ትምህርት ቤት ራሱስ? በ2018 ከ600,000 በላይ ሰዎችን ያካተቱ ጥናቶች ተጠቃልለው ሲታዩ፣ አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት አይኪውን ከ1 እስከ 5 ነጥብ ከፍ ያደርጋል። ጎበዞች ስለሚማሩ ብቻ አይደለም። መማሩ ራሱ ይጨምራል።

ሩጫስ? የበቆጂ ልጆች «ጂን» አላቸው?

አርሲ ውስጥ ያለችው በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ከዚህች ትንሽ ከተማና ከዙሪያዋ ወጥተዋል። ፈረንጆቹ ይህን ሲያዩ መጀመሪያ የፈለጉት የሩጫ ጂን ነው።

ያኒስ ፒትሲላዲስ የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር የኢትዮጵያ ሯጮችን አጥንቷል። በእናት በኩል የሚተላለፈውን ዲኤንኤ ሲያዩ ከተራው ሕዝብ የተለየ አላገኙም። ከፍጥነት ጋር ስሙ የሚነሳው ኤሲቲኤን3 የተባለው ጂንም ምንም አልነገራቸውም። የተገኘው ልዩነት ሌላ ነበር። የማራቶን ሯጮቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ብዙዎቹ ከአርሲና ከሸዋ የመጡ ነበሩ። ልጅ ሳሉ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ሮጠው ነበር፣ መንገዱም ሩቅ ነበር። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደብተር ታቅፎ ሲሮጥ የለመደው የግራ ክንዱ አያያዝ ሪከርድ ሲሰብርም አብሮት ነበር።

ዘር አልቦ ነው ማለት ግን አይደለም። በቆጂ ውስጥ አየሩ ለሁሉም አንድ ነው። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ያሠለጠኗቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ኦሊምፒክ የደረሱት ጥቂት። በአሜሪካና በካናዳ የተደረገው የሄሪቴጅ ጥናት ስፖርት የማይሠሩ 481 ሰዎችን ለ20 ሳምንት ተመሳሳይ ልምምድ አሠራ። ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ምን ያህል እንደጨመረ ተለካ። አንዳንዱ ምንም አልጨመረም። አንዳንዱ በደቂቃ ከአንድ ሊትር በላይ ጨመረ። የልዩነቱ ግማሽ ያህሉ በቤተሰብ የሚሄድ ነበር። አያችሁ፣ ሊወረስ የሚችለው ለልምምድ የሚሰጡት ምላሽም ነው። ያ ምላሽ ደግሞ ካልሠሩ አይታይም።

የዲባባ እህትማማቾችና የአክስት ልጅ የምትባለው ደራርቱ ዝምድናስ? ዘረመል ይጋራሉ። በ1992 ከባርሴሎና ወደ ቤተሰቡ የገባውንም ወርቅ ይጋራሉ። የትኛው ነው የሠራው ብሎ መለየት አይቻልም።

10,000 ሰዓት ብለማመድስ?

«10,000 ሰዓት የተለማመደ ሰው ማንኛውንም ነገር ይካናል» የሚለው አባባል በጣም ታዋቂ ነው፣ ግን ሕግ አይደለም። በ2014 የተጠቃለሉ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የችሎታ ልዩነት ልምምድ በጨዋታዎች (ለምሳሌ ቼዝ) 26 በመቶ፣ በሙዚቃ 21፣ በስፖርት 18 በመቶ እንደሚገልጽ አሳይተዋል። ትንሽ አይደለም፣ ሁሉም ነገርም አይደለም። በአርጀንቲና ቼዝ ተጫዋቾች ላይ በተደረገ ጥናት አንዱ በ3,000 ሰዓት ልምምድ የማስተርነት ደረጃ ሲደርስ ሌላው ከ23,000 በላይ ፈጅቶበታል። ሁለቱም ደርሰዋል። ያልተለማመደ ሰው ግን አልደረሰም።

አብሾ የጠጣስ?

ይህን ሳላነሳ ባልፍ የሚወቅሰኝ አንባቢ አይጠፋም። የአብነት ተማሪ አብሾ ከጠጣ የሰማውን አይረሳም ይባላል። ከአብሾ ጋር ስሙ የሚነሳው አንዱ እፅ አፀ ፋሪስ ነው። እፁ ውስጥ ስኮፖላሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ተመራማሪዎች ስኮፖላሚንን የሚጠቀሙበት ለምን መሰላችሁ? በሙከራ ላይ የማስታወስ ችሎታን ለጊዜው ለማዳከም። መጠኑ ሲያልፍ ያቃዣል፣ ይገድላልም።

ታዲያ እነዚያ ዳዊትን በቃላቸው የሚወጡ፣ ድጓን በቃል የሚይዙ ሊቃውንት? የአብነት ትምህርት ቤትን ቀን አስቡት። መምህሩ ይላሉ፣ ተማሪው ይቀበላል። ድምፅ አውጥቶ ይደጋግማል። ሌሊት በጨለማ ያለ መጽሐፍ ያስታውሳል። በማግስቱ መምህሩ ፊት ይቀርባል፤ ከተሳሳተ ይታረማል፣ ይመለሳል። ለዓመታት። ዛሬ የማስታወስ ተመራማሪዎች የሚመክሩት ይህንኑ ነው፦ ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ከአእምሮ ለማውጣት መሞከር፣ ቀን አራርቆ መከለስ። አብሾ የጠጣውም ያልጠጣውም ይህን አድርጓል። ምስጋናው ግን ለቅጠሉ ሄደ።

አንዱን ሕዝብ ከሌላው ማነጻጸርስ ይቻላል?

በመንታ ጥናት አይቻልም። ሁለት ቤት ቡና ተፈልቷል እንበል። በየቤቱ ውስጥ ያለው የስኒ ልዩነት በሙሉ ከፍሬው ሊሆን ይችላል። አንዱ ቤት ግን ጋዝ የሸተተ ምጣድ ይጠቀማል። በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው ልዩነት በሙሉ የምጣዱ ነው። በአንድ ሕዝብ ውስጥ የተለካን የውርስ ድርሻ ይዞ ስለ ሁለት ሕዝቦች ልዩነት መናገር ይህን ምጣድ መርሳት ነው። «እነ እገሌ በተፈጥሯቸው እንዲህ ናቸው» የሚሉ ጽሑፎች ብዙዎቹ የሚሰናከሉት እዚች ላይ ነው።

በትምህርት ቤቶችም እንዲሁ። በአገራችን ተፈታኞቻቸውን በሙሉ ወይም በአብዛኛው ከሚያሳልፉት ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ገና ሲቀበሉ በፈተና መርጠው ነው። ፍሬውም የተመረጠ፣ ምጣዱም የተመረጠ። ስለዚህ የእነሱ ውጤት የዘር ነው ወይስ የአያያዝ የሚለውን መለየት አይቻልም።

በሌላው ጫፍ ግን ትንሽ ይቻላል። በ2015 ዓ.ም. ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች መካከል 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በዚያ ዓመት የተፈተኑት 845,000 ገደማ ስለነበሩ ለአንድ ትምህርት ቤት በአማካይ 270 ያህል ይደርሰዋል። ካርታው የሚበወዘው ደግሞ ለየልጁ ለብቻ ነው። ለ270 ልጆች በአንድ ጊዜ መጥፎ እጅ አይደርስም። የፊዚክስ መምህር ሲጠፋ ግን ለ270ውም በአንድ ቀን ነው የሚጠፋው።